ለቅሶ ያልደረሱት

«የሌዊ ጓደኞች ዛሬም ቀሩ?» አለቻት ጓደኛዋ ሃሌሉያ በሹክሹክታ፣ ጋራዡ ውስጥ ለእነሱ ለብቻ የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች እያየች።

አዲስአለም ወንበሮቹን ዳግመኛ አስተካከለች። ባሏ ሌዊ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ባሕር ማዶ፣ ቡሪየን ከተማ ያለው ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኗ በመጡ ሰዎች ሞልቷል፤ ሁሉም የመጡት ግን ለእሷ ነው። ስለ እሱ አንዲት ቃል የሚያነሳ የለም። ምን ይበሉ? ጃንሆይን አምላክ ነው የሚል ጃማይካዊ ራስታ ነበር። እሷ የጠበቀችው የገዛ ወገኖቹን ነው። እነሱ ደግሞ ቴክስት ብታደርግላቸውም ዝም አሉ። ለቅሶ አለመድረስ ለጠላት እንኳ አይደረግም! 

በተጋቡ ሰሞን አንዴ ተጣልተው ነበር።

«አያቴ በጃንሆይ ዘመን ጭሰኛ ነበር» አለችው። «ያመረተውን ለባለርስት ሲሰፍር ነው የኖረው። አንተ አምላክ ትለዋለህ?»

ሌዊ «የእኔ ቅድመ አያት ደግሞ ለእንግሊዞች ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖረ» አላት። «አምላክ ነጭ ነው እየተባለ ነው ያደገው። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ጥቁር ንጉሥ ዘውድ ጭኖ አየ። ‹ትንቢት የተጻፈለት እሱ ነው› ብለው የሰበኩት ታሰሩ፤ የተረፉት ተራራ ላይ መንደር ሠሩ፣ መንደሩም ፈረሰባቸው። በኋላ እምነቱ በከበሮና በዘፈን ዓለምን ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ።»

አላሳመናትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያን ረጅም ጸጉሩን የምታጥብለት እሷ ነበረች።

አሁን ስልኳ ጠራ። ሌዊን ከበሮ ያስተማሩት ሽማግሌ፣ እሴይ ናቸው። «ደጅ ነኝ፤ ውጪልኝ።»

ከመንገዱ ማዶ መኪናቸው ውስጥ አገኘቻቸው።

«ለምን አይገቡም? እሱ ምን በደላችሁ?» አለች።

«ልጄ፣ እኛ የድሮዎቹ ራስታዎች ሞት ያለበት ቤት አንገባም፤ እምነታችን አይፈቅድም። እናቴንም አልቀበርኩም። ግን ሦስቱንም ቀን እዚህ ነበርን፤ በየተራ ፓርክ እያደረግን፣ መብራትሽን እያየን።»

አዲስአለም መንገዱን አየችው። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም ወደ ውጭ አላየችም ነበር።

«ከበሮ ሲመታ ምላሱን ይነክስ ነበር» አሉ እሴይ። «ስንት ዓመት ተቆጣሁት!»

ያኔ እንባዋ መጣ። በሩን ከፍታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እሺ፣ ሌላስ?» አለች።

ሞተሩ አልተነሳም፤ የሚሄዱበትም አልነበረም። እሷ ግን ሩቅ እንደሚሄድ ሰው የወንበሩን ቀበቶ ስባ አሰረች።