ጎመን የተሸከመች ራስ

ኦባዲያ ፔንሮዝ በለንደን ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የፌዝ ሥዕል እየቀረጸ የሚኖር ሰው ነበር። ሰሌዳውን ቀለም እየቀባሁ የማትምለት እኔ ነበርሁ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚሳሳላቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ቀርተውት ነበር፤ አንዱ ከራሱ የማይለየው ሰፊ ባርኔጣው፣ ሁለተኛዋ ልጁ ታቢታ። በዚያ ክረምት ታቢታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመድረክ ላይ ቃል እንድትናገር ተፈቀደላት። ድርሻዋ የገረድ ነው፤ ቃሏም «እመቤቴ፣ ሠረገላው ደጅ ቆሟል» የምትል ብቻ ናት። አባትየው ግን ልጁ ይህችን ስትናገር በዓይኑ ሳያይ መሞት እንደማይሻ ላገኘው ሁሉ ይናገር ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት አብረን ገባን። መጋረጃው ተከፈተ፤ ኦባዲያ ግን ከፊቱ ከተቀመጠችው ወይዘሮ የሰጎን ላባ በቀር አንዳች አላየም። ዋናዋ ተዋናይ እመቤት ሎቬል ጸጉሯን እንደ ነዶ ከምራ ላባ ስለተከለችበት፣ የከተማው ወይዛዝርት ሁሉ እርሷን ተከትለው ከምረው ነበር።

«ተናገረች?» አለኝ ስንወጣ።

«ድምፅዋን ሰምቻለሁ።»

«እጇንስ ምን አደረገችው?»

«እኔ ምኑን አየሁት! ከፊቴ ያለችው በጸጉሯ ላይ መርከብ ተሸክማ ነው የመጣችው፤ ከነሸራው።»

ኦባዲያ ተናዶ አደረ። ላባዋ የቲያትር ቤቱን ጣራ ቀዶ የወጣ፣ ቁራም ጎጆ የሠራበት ወይዘሮ ቀረጸ። ሥዕሉን በሱቁ መስኮት ስንሰቅለው መንገደኛው እየተጋፋ ሳቀ። «አበቃላቸው!» አለ ኦባዲያ።

በማግስቱ አንዲት ወይዘሮ ጸጉር ሠሪዋን አስከትላ ገባች።

«አየኸው? ልክ እንደዚህ አድርገህ ትሠራኛለህ» አለችው።

«እመቤቴ፣ ፌዝ እኮ ነው!» አለ ኦባዲያ።

«ፌዙን ለራስህ ያዘው። ይልቅ ላባው በየት በኩል እንደተሰካ አሳየው።»

ላባው በአንድ ክንድ ጨመረ። ኦባዲያ ደግሞ የባሰውን ቀረጸ፤ የጓሮ አትክልት በራሷ ላይ የተሸከመች ሴት፣ ጎመኑም ካሮቱም ያለበት፣ ጥንቸልም የሚግጠው። ጥቂት ቆይቶ ከገበያው ጎመን ጠፋ።

ቲያትሩ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ታቢታ ልቧ አዘነ።

«አባዬ፣ በሞቴ ስድቡን ተው። አንተ በሰደብሃቸው ቁጥር እነሱ ያድጋሉ።»

 ኦባዲያ ተነሥቶ ጸጉሯን ዝቅ አድርጋ ያበጠረች፣ አንዲት ጥብጣብ ብቻ ያሰረች ሴት ቀረጸ፤ በስተግርጌዋም «የዓመቱ እብድ» ብሎ ጻፈባት። ያለ የሌለ መርዙን አፈሰሰባት።

«ማን ናት ይህች?» አሉ ወይዛዝርቱ መስኮቱን ከበው። «እንዴት ቀደመችን?»

በመጨረሻው ምሽት አዳራሹ እንደታጨደ እርሻ ተዘርግቶ ጠበቀን። መድረኩ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ኦባዲያ ክንዴን ጨበጠ።

ዳሩ ግን ወሬው እመቤት ሎቬል ዘንድ አልደረሰም ነበር። ጎመኑን ከነካሮቱ ተሸክማ ወጣች። ታቢታም ከኋላዋ ተጋርዳ ቆመች።

«የገዛ ጎመኔ!» ብሎ አቃሰተ ኦባዲያ።

እመቤት ሎቬል ያን ሁሉ ዝቅ ያለ ጸጉር ስታይ ደነገጠች፤ አንገቷንም ወዲያና ወዲህ አዞረች። አትክልቱ ተናደ። ታቢታ ተስፈንጥራ በክንዷ ቀለበችው፤ ጎመኑንም እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ፊት ወጣችና በረጋ ድምፅ፣

«እመቤቴ፣ ሠረገላው ደጅ ቆሟል» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኦባዲያ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ አጨበጨበ።

«አንተ ሽማግሌ!» ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ። «ባርኔጣህን አውልቅ፤ ጋረድኸን እኮ!»

«እኔም ክረምቱን ሙሉ ተጋርጄ ነው የከረምሁት!» አለ ኦባዲያ፤ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል። ባርኔጣውንም አላወለቀም።