በር አጠገብ የተከመረው ዱቄት

ሸዋ ሮቢት በነበረው የጣሊያን መጋዘን ዕቃው የሚከመረው እንደ አመጣጡ ነበር፤ ዱቄቱ ከሲሚንቶው ሥር፣ ጨው ከጥይቱ ሳጥን ኋላ። ከየምሽጉ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ተሸካሚዎቹ ሲያገላብጡ ይውሉና ካሚዮኑ ወደ ደብረ ሲና የሚነሣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወዲያ ነው። አርበኞቹም ይህን ስለሚያውቁ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ዳገት ሲመሽበት ይጠብቁታል።

መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራው የብዙነሽ ልጅ ደምሴ ግን፣ አይ ልጅ፣ ዝርክርክ ነገር አይሆንለትም። እናቱ የዘሩን ማሽላ ጓዳ ጥግ፣ የሚበላውን በር አጠገብ ስታደርግ እያየ ነው ያደገው። ያንኑ እዚያም አደረገው። ዕለት ዕለት የሚጠየቀውን ዱቄትና ጨው ወደ በሩ አመጣ፤ የየምሽጉንም ድርሻ ከዋዜማው ለይቶ ያሳድር ጀመር። ካሚዮኑ ጠዋት መነሣት ያዘ።

«የመጋዘኑ ሹም ጣሊያኑ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፣ እማዬ!»

«እጁን ይቁረጠው! ሰው እያየ?»

«ሁሉም እያየ።»

 ብዙነሽ እንደፈራችውም፣ ለአርበኞቹ ስንቅ የሚያቀብሉት ጎረቤቷ ጋሼ ወልደማርያም በማግስቱ መጡ።

«ስሚ ብዙነሽ፣ ይሄ ልጅሽ ባንዳ ነው ወይስ ጅል?»

«ጅል ነው፣ ጋሼ! በሞቴ፣ ጅል ነው ይበሉልኝ!»

«እላለሁ። ግን ዱር ያሉት ልጆችም ከእንግዲህ ማለዳ ነው ወደ መንገዱ የሚወርዱት። ካሚዮኑ አጠገብ ዝር እንዳይል።»

ደምሴ ሲመለስ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ደበላልቀው ልጄ፣ እንደ ድሮው አድርገው።»

«አሁንማ ሹሙ ሰዓቱን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ካሚዮኑ ቢዘገይ የምሰቀለው እኔ ነኝ።»

በነጋታው ቁርሱን ይዛለት ስትሄድ የመጋዘኑ ጠራጊ አበራሽ ደጃፉ ላይ አገኘቻት።

«እልል በሉ እንጂ እትዬ ብዙነሽ! ሹሙ የደብረ ሲናውንም መጋዘን እንዲህ አድርግልኝ ብሎ ደምሴን ካሚዮኑ ላይ ጭኖት ሄደ። ዱቄቱ ላይ ጉብ ብሎ ቢያዩት!»

«መቼ?»

«አሁን፤ አቧራው እንኳ አልረጋም።»

ብዙነሽ ቁርሱን እዚያው ጣለችና ወደ ጋሼ ወልደማርያም በረረች።

«ልጄ ካሚዮኑ ላይ ነው!»

ሽማግሌው ዳገቱን አዩ። «ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ ወርደዋል። ማን ይደርስባቸዋል?»

 ብዙነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ በግራሩ መሐል ባለው አቋራጭ ሮጠች። እሾኹ ቀሚሷን ይይዛታል፣ ትነጥቀዋለች። ከበላይዋ ካሚዮኑ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ይሰማታል። ያ ድምፅ እስካለ ልጇ አለ። «አታቁሚው፣ እመብርሃን፣ አታቁሚው» እያለች ወጣች።

ድምፁ ቆመ።