የሚስተር ሃሮልድ መስታወት

ሮማነወርቅ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ባለ አፓርታማ ውስጥ ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ ሽማግሌ ትጦራለች። ደግ ሰው ናቸው፤ እሷም ከልቧ ትወዳቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ አልገባ አላት።

ጠዋት ጠዋት፣ ቁርሳቸውን እንደቀመሱ፣ በእንጨት እግር ላይ ዘመም ብሎ ወደተሰካ መስታወት ይጠጋሉ። ከፊቱ ወፍራም የማጉያ መነጽር አለው። ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በእጅ ቀለም የተቀባ የድሮ ጎዳና ሥዕል ይዘረጋል። እንግዲህ በሥዕሉ አናት ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ነው የተጻፈው፤ ፊደሉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከቀኝ ወደ ግራ! ሽማግሌው እሱ ላይ አጎንብሰው ያነበንባሉ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"ድግምት ነው" አለችው ለአክስቷ ልጅ ለብዙነህ፣ ስልክ ደውላ።

"ፈረንጅ ደግሞ ምን ድግምት ያውቃል!" ብሎ ሳቀባት። ኋላ ግን ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ለማንኛውም ጠበል እርጪበት። ካልለቀቀ ሥራውን ኩዊት አድርጊ፤ ነፍስሽ ትበልጣለች" አላት።

በማግስቱ ሽማግሌው መታጠቢያ ቤት ሳሉ ከቦርሳዋ ጠበሉን አውጥታ፣ "በስመ አብ" ብላ ሥዕሉ ላይ ረጨችው። ሰማያዊው ሰማይ ሟሙቶ ቤቶቹ ላይ ወረደ። ኧረ እመቤቴ! በናፕኪን ብትጠርገው ጭራሽ ባሰበት።

ሚስተር ሃሮልድ ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተው ተቀመጡ። ክው ብላ ቀረች። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ማነብነብ ጀመሩ።

"አይታይዎትም እንዴ?" አመለጣት።

"ካየሁት ሰነበትኩ። ለሰው አልተናገርኩም እንጂ ዓይኔ ከድቶኛል፤ የጎዳናውን ስም በቃሌ ነው የምለው። እስቲ አንቺ እይልኝ፣ ሮማን።"

አጎነበሰች። ጉድ ነው! በመስታወቱ ውስጥ ፊደሉ ተቃንቶ ቆሟል፤ ጎዳናው ወደ ውስጥ ሄዷል፣ እጅ ቢሰዱበት የሚያስገባ ይመስላል። ቀና ብላ ብታይ ያው ልሙጥ ወረቀት። ደግማ አጎነበሰች። ድግምቱ ለቀቀ ወይስ ጭራሽ እሷ ገባችበት?

"ሰማዩ እንዴት ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ፈሷል" አለች። "እኔ ነኝ። የተባረከ ውሃ ረጨሁበት። ፈርቼ ነው።"

"ሥዕሉን?"

"እርስዎን።"

ሽማግሌው በእጃቸው ዳብሰው ወንበር ሳቡላት። "በይ፣ የተረፈውን ከግራ ጀምረሽ ንገሪኝ።"

"የወረቀቱ ግራ ነው የመስታወቱ?"

"እሱን እኔም ለይቼው አላውቅም።"

ተቀመጠች። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤ ብዙነህ ነው፣ ለቀቀ ወይ ሊላት። አላነሳችውም። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ መንገር ጀመረች።