ወደ መተማ የሚወርደው

ዙህራ የወባውን ዘር የሚለየውን የምርመራ ፎቶ ወደ መስኮቱ አስጠግታ መስመሮቹን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። በግራ በኩል ሦስት፣ በቀኝ በኩል ሁለት። አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። የግራው ዓለምነው ቢሻው አምና ጥቅምት ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ የሰጠው ደም ነው፤ የቀኙ ደግሞ በሐምሌ ከአረም ሲመለስ የሰጠው። ሰውየው አንድ ነው፤ በሽታውም ያው ወባ ነው። በደሙ ውስጥ የተገኙት የወባ ተሕዋስያን ግን ዘራቸው የተለያየ ነው።

"ይኸው!" አሉ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ተክለ ጊዮርጊስ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግረው እያዩ። "ክትባቱን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። አንዱን ዘር አይተው ቢሠሩት ለሌላው አይሆንም።"

"አራት ዓመት ሙሉ ደም ሰበሰብን" አለች ዙህራ። "ያገኘነው አለመመሳሰላቸውን ብቻ ነው።"

"እሱም ግኝት ነው። ደግሞ ይኸ ሰው ለዘንድሮው አጨዳ ወርዶ ታሞ ቢመለስ፣ ከአንድ ሰው ሦስት ናሙና ይኖረናል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?" ፊቷን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይታመም ማለቴ አይደለም።"

"ገብቶኛል፣ ዶክተር።"

እሳቸው ለማስተማር እንደወጡ በሩ ተንኳኳ። የዓለምነው አባት አያ ቢሻው ናቸው። ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥተው፣ ልጃቸው ባጃጅ እንያዝ ቢላቸው እምቢ ብለው፣ ከፒያሳ በእግራቸው ነው የመጡት። ዓለምነው ከኋላቸው ገባ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከሐምሌው ሕመም ወዲህ የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ ሰፍቶታል።

"እንዴት አደርሽ፣ ሲስተር?"

"አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት አደሩ፣ አያ ቢሻው? ይቀመጡ።" ሲስተር ሳትሆን የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኗን ለባላገር ማስረዳት ከተወች ቆይታለች።

"ለመቀመጥ አልመጣሁም። አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ነው። ይኸን ልጅ ንዳዱ ሁለት ጊዜ ያዘው። እንግዲህ ለምዶታል ማለት ነው?"

"ዘመዴ ሆናለች" አለ ዓለምነው እየሳቀ። "ስትመጣ በር እንኳ አታንኳኳም።"

"አንተ ዝም በል!"

ዙህራ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ታውቃለች። በእነሱ መንደር ወደ መተማ ቆላ የሚላከው ልጅ የሚመረጠው በጉልበቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ንዳድ ይዞት የዳነ "ለምዶታል" ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ወራጁ እሱ ነው፤ ያልታመመው ደጋ ይቀራል። ዓለምነው መጀመሪያ በታላቅነቱ ወረደ፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ታሞ በመዳኑ። ታናሹ አቢ ቆላ ምን እንደሚመስል አያውቅም።

"አልለመደውም" አለችና ፎቶውን አሳየቻቸው። "ይኸ የጥቅምቱ ነው፤ ይኸ የሐምሌው። ወባ ሁሉ አንድ ዘር አይደለም፣ አያ። ሰውነቱ የፊተኛውን ቢያውቀውም ኋለኛው ሌላ ነው። አሁን ሲወርድ የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል።"

አያ ቢሻው ፎቶውን ሳይነኩ ጎንበስ ብለው አዩት። "ስንት ዘር አለው?"

"ቆጥረን አልጨረስንም።"

"ክትባት ይሠራበታል ብላችሁ አልነበር ደሙን የወሰዳችሁት?"

"ብለን ነበር።"

"ምነው ታዲያ?"

"ገና ነው። እርስዎም እኔም የምንደርስበት አይመስለኝም።" የመጨረሻውን ልትናገረው አላሰበችም ነበር።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ያዝናሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን እያሰሉ ነበር።

"እንግዲያው የታመመውም ያልታመመውም እኩል ናቸው" አሉ። "ይኸኛው አጥንቱ ገጥጧል። አቢ ይውረድ።"

ዓለምነው ሳቁን አቆመ። "አባ፣ አቢ እኮ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ተፈታኝ ነው!"

"በሬው ሞቶ፣ በረዶው ገብሱን አስተኝቶት፣ ምን በልቶ ይማራል? አንዳችሁ ካልወረዳችሁ የማርስበት በሬ የለኝም።"

"እኔ እወርዳለኋ!"

"አንተ ትሞትብኛለህ።"

ዙህራ ያደረገችውን ያን ጊዜ አየችው። ውሸት አልተናገረችም፤ የተናገረችው ግን ግማሹን ነው። ሁለቴ ታሞ የዳነ ሰው እንደገና መታመሙ ባይቀርም፣ ወባን ጨርሶ ከማያውቅ ሰው ይልቅ የመትረፍ ዕድል አለው። ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ የሚመጡት አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረዱ ደገኞች ናቸው።

"እኩል እንኳ አይደሉም" አለች። "መታመሙ ይረዳዋል፤ ጥቂት። አይያዝም አይደለም፤ ሕመሙ ግን እንደ መጀመሪያው ላይከፋበት ይችላል። አቢን ከያዘው ይብስበታል።"

"አሁን አልለመደውም አላልሽኝም?"

"ብያለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ምናለ ሁለቱም ባይወርዱ..."

"እሱን ተይው፣ ልጄ። አንዱ መውረዱ አይቀርም። አንቺ ተምረሻል፤ ደሙንም አይተሻል። የትኛውን ልስደድ?"

አጎበር ልስጣቸው ብላ አሰበች። ሃያ ሰው ሜዳ ላይ በአንድ ላስቲክ ሥር ሲያድር አጎበር የሚሰቀልበት እንደሌለ ግን ዓለምነው ራሱ ነግሯታል። ሁለቱ ቆመው አፏን ያያሉ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ማንም ሐኪም ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ነገር ግን ልትናገር ስትል የዶክተሩ ሦስተኛ ናሙና ትዝ አላት፤ ቃሉ ለልጁ ብላ ይሁን ለጥናቱ ብላ የመጣላት መለየት አቃታት።

"ዓለምነው ይውረድ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ አያ ቢሻው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷት።

ዓለምነውም እንደተፈረደለት ሰው ፈገግ አለ። "እንግዲህ ስመለስ ጣቴን አጥቤ እመጣለሁ፣ ሲስተር።"

"ስትመለስ አትስጥ።"

"ምነው? ደሜ አለቀ እንዴ?"

"ትኩሳቱ ሲጀምርህ እዚያው መተማ በዕለቱ ታከም። እዚህ ልድረስ ብለህ አንዲት ቀን እንዳታሳልፍ። ለጥናቱ ደም መስጠቱ ግን ይብቃህ። ትስማማለህ?"

"ሸጋ" አለ፣ ነገሩ ባይገባውም።

ከጥናቱ የመውጫ ቅጽ አውጥታ አነበበችለትና ፈረመ። አባትና ልጅ አውቶቡሱ ሳያመልጣቸው ለመድረስ ተቻኩለው ወጡ።

ዶክተር ተክለ ጊዮርጊስ ቀትር ላይ ከክፍል ሲመለሱ ቅጹን ጠረጴዛቸው ላይ አገኙት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"በፈቃዱ ወጥቷል? ማን ምን ብሎት?"

"እኔ ነኝ እንዲወጣ የጠየቅሁት።"

"የአራት ዓመት ሥራ እኮ ነው፣ ዙህራ! የአንቺም ስም ያለበት።" ድንገት ፊታቸው ፈታ አለ። "ቆይ፣ መውረዱን ተወው ማለት ነው?"

"አልተወውም" አለች ዙህራ። "ይወርዳል።"