የመስኩ ጢም

"ሞተሩን አታስጩኹት!"

እዚያ ቤት የጧቱ ሰላምታም የማታው ምርቃትም ይኸው ነበር። አባትየው፣ ልጅ ሲያተኩሰው "ተዉት፣ ይተኛበት፣ ይለቀዋል" ብሎ የሚገላበጥ ሰው፣ የትራክተሩ ድምፅ ትንሽ ከፍ ካለ ከአልጋው ዘሎ ይወርዳል። ሣር ሲያጭድም በዚሁ ሕግ ነው። ማርሹን ሦስተኛ ላይ ያስገባና፣ ነዳጁን እንደ መድኃኒት በጠብታ እየሰጠ፣ መስኩ ላይ ሽው ይላል። ጎማው ይሮጣል፣ ሞተሩ ያንቀላፋል። "ማሽን እንዲህ ነው የሚያዘው!" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ከኋላው የሚቀረውንስ ማን ይይለት! ትራክተሩ የሚጎትተው ማጨጃ ግማሹን ሣር ይቆርጣል፣ ግማሹን ይቦጭቃል፣ የተረፈውን አጋድሞት ያልፋል። እሱ ራቅ ሲል ያ የተጋደመው ሣር ቀስ ብሎ ቀና ይላል። ይሄ ነው እንግዲህ በዚያ ቤት "ጢም" የሚባለው። ጢሙን የሚላጩት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው፤ እናትና ሁለት ሴት ልጆች፣ ማጭድ ይዘው፣ ወገባቸውን አጉብጠው፣ ከትራክተሩ ኋላ ኋላ። ትልቋ ልጅ አግብታ ስትወጣ እናትና ትንሿ ቀሩ። ትንሿን ቤተሰቡ "ችኮ" ነው የሚላት። አንዴ ያዘች ማለት ያዘች ነው፤ ለምኖ ያስለቀቃት የለም።

ዘንድሮ ታዲያ አባትየው ከትራክተሩ ሲወርድ ጉልበቱ ወለም አለው፤ ሐኪሙም መንዳት ከለከለው። አጨዳው ግን ሰው እስኪድን አይጠብቅም፤ በረት ሙሉ ላም ድርቆሽ ይፈልጋል። እና ምሳ ላይ የትልቋን ልጁን ባል ጠራው።

"ቁልፉን አንተ ያዝ" አለው። "ብቻ አደራህን፣ ሞተሩን..."

"ኧረ አላስጮኸውም አባባ! መነሳቱንም አይሰሙት።" አማቹ እንዲህ ነው፤ አማቱን ደስ ለማሰኘት ድንጋይ ዋጥ ቢሉት የሚውጥ ሰው።

ችኮ እናቷን አየቻት። እናትየው ሳህን ለማንሳት ከወንበሯ የተነሳችው ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ተደግፋ ነበር። አምና ከአጨዳው በኋላ ወገቧ አልቀና ብሎ ጫማዋን እንኳ የምታስርላት ችኮ ነበረች። ያኔ ነው በልቧ የማለችው።

"ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ የማጭደው። እማዬም ከእንግዲህ ማጭድ አትይዝም።"

አማቹ እንጥሉ እስኪታይ ሳቀ። "እሺ ጢሙን ማን ይላጭልሻል?"

"ጢም አይኖርም።"

"ጢም የሌለው መስክ ደግሞ የት አየሽ?" አለ አባትየው።

"ዳገቷ ላይ።"

በመስኩ ጥግ አንዲት አጭር ዳገት አለች፤ እሷ ላይ ጢም ቀርቶ አያውቅም። "የዳገቱ ሣር ጨዋ ነው" ይባል ነበር በቤቱ። አባትየው እንዲያውም አንድ ዓመት የዳገቱን ሣር ዘር በእናትየው አስለቅሞ ሜዳው ላይ ዘርቶታል። የጨዋው ልጅም ሜዳ ላይ ሲበቅል እንደ ሌላው ጢም አወጣ፤ "መሬቱ አበላሸው" ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ። ወይ ጉድ!

ችኮና እናቷ አረፍ የሚሉት እዚያች ዳገት ላይ ብቻ ነበር፤ ነገሩ የተገለጠላትም አምና እዚያው ተቀምጣ ነው። ትራክተሩ ዳገቷ ጋ ሲደርስ አቅም ያጥረዋል። አባቷ ሳይወድ በግዱ ማርሹን ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩም ያጓራል። የማጨጃውን ቢላዋ የሚያሽከረክረው ደግሞ ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲያንቀላፋ ቢላዋውም ያንቀላፋል፣ ሲያጓራ ይነቃል። ጎማው ቀስ ካለለት እያንዳንዷን ሣር ቆርጦ ነው የሚያልፈው። ጨዋው ሣሩ አልነበረም።

ይሄንኑ ሳትፈራ ነገረቻቸው። የአባትየው ደም ፈላ።

"እኔን ማጨድ ልታስተምሪኝ ነው? ሜዳ ላይ እንደዚያ ካስጮህሽው ይፈነዳል!"

"አይፈነዳም።"

"እንግዲያውስ ስሚ! አንድ ጢም ካየሁ፣ አንድ! ቁልፉ የእሱ ነው። አንቺም እናትሽም ማጭዳችሁን ይዛችሁ ከኋላው ትሄዳላችሁ፣ ዕድሜ ልካችሁን!"

"ይሁን" አለች ችኮ፤ ዓይኗን በጨው አጥባ እጇን ለቁልፉ ዘረጋች። አባትየውም ወረወረላት።

በማግስቱ ቢላዋዎቹን ፈትታ በሞረድ ሳለቻቸው፤ አንዱ ከሌላው እንዳይከብድ እያመዛዘነች። ማጨጃው ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል አስተካከለች። ከዚያ ጠሉ እስኪደርቅ ተቀመጠች። አማቹ "ፈራች፣ ፈራች" እያለ ግቢውን ይዞራል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። ትራክተሩ ላይ ስትወጣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን ሰዓት በመዳፏ ጠረገችው። አቧራው ሲለቅ ለማጨጃ የተለየች ቀይ ምልክት ብቅ አለች። መርፌው ሜዳ ላይ እዚያ ደርሶ አያውቅም፤ ምልክቷ መኖሯንም ያወቀ የለም።

አንደኛ ማርሽ አስገባች። የነዳጁን እጀታ፣ መርፌው ቀይዋ ምልክት ላይ እስኪቆም ገፋችው።

አቤት ጩኸት! ውሾቹ ተነሱ፣ ላሞቹ በረት ውስጥ ተተራመሱ፣ አማቹ ጆሮውን ያዘ። ትራክተሩ ግን እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ከጎን የሚወጣው ሣር በእኩል ረድፍ ይተኛል። ችኮ ያጨደችውን ዳር በየዙሩ ስንዝር ያህል እየደረበች ሄደች፣ መሀል ላይ ክር የምታህል እንዳታመልጣት። አንዴ ዞር ብላ አየች፤ የሚነሳ ሣር የለም። ልቧ በደስታ ዘለለ፣ ብቻዋን "እሰይ!" አለች።

አባትየው አልቻለም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብድግ ሲል ቆየና ከዘራውን አንስቶ፣ እያነከሰ፣ መስኩ መሀል ገብቶ ትራክተሩ ፊት ተገተረ።

ችኮ ቆመች፤ ቢላዋውንም አቆመችው።

"ገደልሽው! ገደልሽው!" ይላል አባትየው።

"ማንን?"

"ሞተሩን!"

"እሱ ደህና ነው። ዞር በል አባዬ።"

"ንቅንቅ አልልም!"

"እንግዲያውስ ቁም!"

ማጨጃውን ከፍ አደረገችና ራቅ አድርጋ ዞረችው። ደህና አልፋው ከሄደች በኋላ ነው ማጨጃውን መልሳ ያወረደችው። ሞተሩ እንደገና አጓራ። አባትየው ከነከዘራው፣ ሣር መሀል፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። በአባቷ ላይ እንዲህ ጨክና አታውቅም፤ መሪውን ግን አልለቀቀችም።

የላይኛውን መስክ ጨርሳ ስትመለስ እናትየው መስኩ ላይ ናት። ከልማድ የተነሳ ማጭዷን ይዛለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የታጨደውን በእግሯ እየዳበሰች፣ ተራመደች። አንዴም አላጎነበሰችም። አማቹም አንዲት ጢም ላገኝ ብሎ በእንብርክኩ ሊሄድ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ጮኸ።

"ይኸው! ይኸው አባባ! ጢም ማለት ይሄ ነው!"

እውነትም እጅብ ያለች ሣር ቆማለች። ችኮም ሞተሩን ሳታጠፋ ትራክተሩን ወደዚያው አስጠጋች። አባትየው እያነከሰ ደርሶ ፊቱ በራ፤ እጁን ወደ ችኮ ዘረጋ። "ቁልፉን አምጪ። ቃል ቃል ነው።"

ችኮ አፏን ስትከፍት እናትየው ቀደመቻት።

"አንተ ሰውዬ፣ እስኪ እግርህን እየው።"

አየ። ሣሯ የቆመችው ቅድም እሱ ትራክተሩ ፊት በተገተረበት ቦታ ነው፤ ከዘራው የወጋው ጉድጓድ እንኳ እንዳለ ነው። ከዚያች በቀር መስኩ ሙልጭ ብሏል።

"የዳገቱ ሣር ጨዋ ነው ስትለኝ አምኜህ ኖርኩ" አለች እናትየው። "ዘሩን ሳይቀር አስለቀምከኝ። ለካ አንተ ለሞተር ስታዝን ነው እኔ የጎበጥኩት! እሱ ትንሽ ሲያቃስት ከእንቅልፍህ ትነቃለህ። እኔስ? ማታ ማታ አጠገብህ ተኝቼ ሳቃስት አንድ ቀን ሰምተኸኛል?"

ማጭዱን ዘረጋችለት።

"ያቺ ጢም ያንተ ናት። እንካ፣ ላጫት።"

"እኔ ላጭዳት አባባ" ብሎ አማቹ ተንደረደረ።

"አንተ አርፈህ ቁም!" አለችው።

አባትየው ከዘራውን ጥሎ ማጭዱን ተቀበለ። አንድ እግሩ አልታጠፍ ቢለው ወደ ጎን ዘርግቶት፣ እንደምንም ብሎ ጎነበሰ። ችኮ አንጀቷ አልቻለም፤ በዝምታ ይሥራው ብላ እጇን ወደ ነዳጁ እጀታ ሰደደች፤ ሞተሩም ዝግ አለ።

እናትየው ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል እጇን አነሳች።

"ማን ቀንሺ አለሽ? የታችኛው መስክ ይቀራል። ይጩህ!"

ችኮ እጀታውን እስከ ቀይዋ ምልክት ገፋችው።