አምስት ሰው ለቅዳሜ

እትዬ ስምሪት ይሏታል፤ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ሻንጣ ተሸካሚውም። መናኸሪያው ውስጥ፣ ከትኬት መሸጫው ጎን ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ተቀምጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ስትልክ ኖራለች። የተሳፋሪ ስም በዝርዝር ትጽፋለች፣ ወንበር ትቆጥራለች፣ የመውጫ ወረቀት ትፈርማለች። ትርፍ የጫነ ሹፌር ካገኘች ደግሞ አያድርስ ነው! "ኧረ እትዬ፣ አንድ ሰው ብቻ!" ብለው ሲለማመጧት "አንዱ ሰው አይደለም እንዴ? መኪናው ሲገለበጥ እሱን መርጦ ይተወዋል?" ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚከራከራት የለም፤ ትርፉ ይወርዳል።

ከምትልካቸው አውቶቡሶች አንዱ ትንሿ በሚሏት ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ያልፋል። እውነትም ትንሽ ናት፤ በመኪና ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግን ቀጭኔ አለባት። የዚያ መስመር ሹፌር በተመለሰ ቁጥር "ዛሬ እኮ ቀጭኔ መንገድ ዘግታብኝ ነው የዘገየሁት" ይላታል፣ ስለ ቀይ መብራት እንደሚያወራ ሰው። እሷም የመግቢያ ሰዓቱን እየመዘገበች "እንዴት ያለች ናት?" ትለዋለች። "ኧረ እትዬ፣ ይሄማ አይወራም! ሄዶ ማየት ነው እንጂ" ይላታል። እሱ ብሎት ይረሳዋል። እሷን ግን ያንገበግባታል።

ዘንድሮ ቆረጠች። "ትምህርት በተዘጋ ሳምንት፣ ቅዳሜ ለት፣ እንሄዳለን" አለች። ማለቱ ብቻ መቼ ይበቃና! ፓርኩ በቀን ከአርባ ሰው በላይ እንደማያስገባ አጣራች፤ ፎርሙን አስመጥታ ሞልታ ላከች፤ ከምታምነው ሹፌር አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ያዘች። ፀሐይ ከበረታች እንስሳቱ ጥላ ስር ስለሚገቡ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሩ ላይ መድረስ እንዳለባቸው፣ ደማቅ ልብስ እንዳይለበስ፣ ከመኪና እንዳይወረድ፣ ሁሉን ጠይቃ፣ ጽፋ፣ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ባሏ ለጉዞው ያዋጣው አንድ ጠርሙስ የትንኝ ቅባትና አንድ ፊርማ ነው። ፎርሙ ላይ "የቤተሰብ ተጠሪ" የሚል ቦታ ነበረ። ሲያነብም ሲፈርምም አይታዋለች።

አማቷ "ከአውሬ ጋር ምን አጋፋኝ!" ሲሉ ከርመው፣ በሁለተኛው ሳምንት "ውሃ በምን እንያዝ?" ማለት ጀመሩ። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ወንድም ጋሼማ፣ ማንም ሳይጋብዘው ነው የገባው። ከመሬት ቀያሽነቱ ጡረታ ወጥቷል፤ ከወሬው ግን ገና ነው። "እኔ ከሌለሁ ማን ያስረዳችኋል?" አለና ሰፊ ባርኔጣ ገዛ።

ዓርብ ጠዋት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስልክ ተደወለላት። አንድ ትሑት ድምፅ "የነገ ጎብኚዎችን ስም ላረጋግጥ ነው" አለና ማንበብ ጀመረ። የባሏን ስም አነበበ። የወንድ ልጇን፣ የሴት ልጇን። የአማቷን፣ የወንድም ጋሼን። እሷ እየሰማች "ልክ፣ ልክ" ስትል ቆየችና ጠበቀች።

"ሌላስ?" አለችው።

"አለቀ እኮ። አምስት ሰው።"

መሳቢያዋን ስባ የፎርሙን ቅጂ አወጣች። የማንም ስሕተት አይደለም፤ ያ ቀጥ ያለ የገዛ ጽሕፈቷ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ጽፋ፣ እንደ ሁልጊዜው ከስሩ አስምራበታለች። አሥራ ሰባት ዓመት ስም ስትጽፍ አንድም ቀን የራሷን ጽፋ አታውቅም፤ ላኪ ዝርዝር ውስጥ አይገባማ። እጇ የለመደውን ሠራ። ማንን ትቆጣ?

ደግሞ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። የባሏ ፊርማ። እሷስ እሺ፣ ለመደባት፤ እሱስ? አምስት ስም አንብቦ የሚስቱ አለመኖር ካልታየው ምን ይባላል? ስልኩን እንደያዘች እንባዋ መጣ፣ ዋጥ አደረገችው።

"ስድስተኛ ጨምርልኝ፣ ወንድሜ።"

"አርባው ሞልቷል፣ እናቴ። አንዱን አውጥቼ በሌላ መተካት ግን እችላለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከደወሉልኝ።"

በሰባት ሰዓት ወንበሩን ለባልደረባዋ ትታ ወደ ቤት ሄደች። ሁሉም አሉ። አማቷ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣሉ፤ ልጆቹ በአጎታቸው የሩቅ ማያ መነጽር ይናጠቃሉ፤ ወንድም ጋሼ ነገ በማለዳ ለመነሳት እዚሁ ሊያድር ቦርሳውን ይዞ መጥቷል፤ ባሏ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ጫማ ያጸዳል። ቆማ ነገረቻቸው። ስሜ የለም፣ ቦታ ሞልቷል፣ አንድ ሰው ካልቀረ እኔ አልገባም፣ አለች።

"ውይ!" አለ ባሏ። "መኪናው እንኳ ባዶ ወንበር ሞልቶታል፣ ምን ዋጋ አለው። በቃ ሌላ ጊዜ እወስድሻለሁ።"

"መቼ?"

"ሌላ ጊዜ ነዋ።"

"እንዲያውም ቤቱን የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበር" አሉ አማቷ፣ ከእንቁላሉ ቀና ሳይሉ። ክፋት የለባቸውም፤ የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። ይኸው ነው ይበልጥ አንጀቷን የቆረጠው።

"እማዬ አትሄድም?" አለች ልጅቷ።

ይሄኔ ወንድም ጋሼ ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና "ምን ማለት ነው? እኔ ቆሜ እሷ ትቅር? አይደረግም! እኔ እቀራለሁ!" አለ።

እንግዲህ የዚህን ነገር ቀጣይ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ "ኧረ በሞቴ" ትላለች፣ እሱ "በፍጹም" ይላል፤ እሷ በልጆቿ ትለምነዋለች፤ እሱ ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ፣ በአራተኛው በረዥሙ ተንፍሶ "ካላችሁ እንግዲህ" ይልና ይሄዳል። አማቷ ልመናውን ለማገዝ አፋቸውን ከፍተዋል።

"እሺ" አለች።

"እ?"

"እሺ፣ ወንድም ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ልጁ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። ወንድም ጋሼ እንደቆመ ቀረ፤ እጁን ከደረቱ ማውረድ ረስቷል።

"ስሚ እንጂ፣ እሱ እኮ..." ብሎ ጀመረ ባሏ።

"እሱ ምን? እቀራለሁ አለ። ሰምተኸዋል። ወይስ ፎርሙን እንዳነበብከው ነው የሰማኸው?"

ባሏ የያዘውን ጫማ አገላብጦ አየና መሬት አስቀመጠው። "ልክ ነሽ" አለ ቀስ ብሎ። "አላየሁም። እግዜር ያሳይሽ፣ አላየሁም።"

"ጉድ!" አሉ አማቷ። ወደ እንቁላላቸው ተመለሱ።

ወንድም ጋሼን ስታየው አሳዘናት። የጓጓው ከልቡ ነበር፤ አሁን እንደ ሕፃን ከንፈሩን ነክሷል። "አዝኛለሁ፣ እውነቴን ነው" አለችው። "በክረምቱ እልክሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ነገ ግን ልሂድ።" ራሱን ነቀነቀላት። ክረምት ሲመጣም ቃሏን አላጠፈችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወለች። "አምስተኛው ስም ይውጣልኝ" አለችው።

"በማን ልተካው?"

"በእኔ።"

"እርስዎ ላኪዋ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ። ነገ ግን እሄዳለሁ።"

ስሟን ነገረችው፤ የአባቷን፣ የአያቷንም ጨምራ። ሲጽፍ ይሰማታል። "በል እስቲ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ" አለችው። ሰውዬው ታጋሽ ነው፤ ከአንደኛው ጀምሮ አነበበላት። አምስተኛ ብሎ ስሟን ሲጠራ፣ "አቤት" አለች።