ወይዘሮ ድገም መሪ ሲይዙ

ሰዓት ሠሪው አማቱን ይዞ አገር እንዲያቋርጥ የተፈረደበት ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። የሚስቱ ታናሽ እህት በሌላኛው የአገሩ ጫፍ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ባቡሩ ደግሞ ሐዲዱን በረዶ ስለዋጠው ከቆመ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሚስቱ ነርስ ናት፣ ፈቃድ ከልክለዋታል።

«የአንድ ቀን መንገድ ነው» አለችው ካፖርቱን እየቆለፈችለት። «አንድ ቀን ዝም ብለህ መንዳት አያቅትህም።»

አማቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። ከተማው በሙሉ «ወይዘሮ ድገም» ይላቸዋል። ተፈታኝ ሲሳሳት አይቆጡም፣ አያብራሩም፤ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ድገም» ይሉታል፣ በቃ፣ በሚቀጥለው ወር ይደግማል። ሰዓት ሠሪውም ልጃቸውን ከማግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ ደግሟል። በአራተኛው ያለፍኩት በችሎታዬ ነው ይላል። ሚስቱ ግን እናቷ በዚያን ዕለት ጉንፋን ይዟቸው ቤት ስለዋሉ ነው ትላለች።

መኪናው ትንሽ ነው፣ ማሞቂያው የሾፌሩን ግራ እግር ብቻ ያሞቃል። አማቱ ከጎኑ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና ትንሽ ደብተር አወጡ።

«እማማ፣ ደብተሩ ለምንድን ነው?»

«ለራሴ ነው። አንተ ንዳ።»

ከከተማ ሳይወጡ ሁለት ገጽ ሞላ። የመሥሪያ ቤታቸው መኪና በፈታኙም በኩል ፍሬን ነበረው፤ እግራቸው ልማዱን አልተወም። አንድ ውሻ ከሩቅ ብቅ ባለ ቁጥር ወለሉን ረገጥ ያደርጉታል።

«ፍጥነት» አሉ።

«አርባ ላይ ነኝ እኮ!»

«መንገዱ ሠላሳ ነው የሚለው።»

«የታለ የሚለው?»

«እኔ እያልኩህ ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆመው ሻይ ጠጡ። ሰዓት ሠሪው ቀድሞ ወደ መኪናው ሲመለስ መነጽሩን ጉም ሸፈነው። አውልቆ ጎኑ ያለው ወንበር ላይ አኖረና መወልወያ ጨርቅ ሊፈልግ ወደ ኋላ ዞረ። በዚህ መሃል አማቱ በሩን ከፈቱ፣ የጫማቸውን በረዶ አራገፉ፣ ተቀመጡ።

ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ምን ነበር?»

«መነጽሬ።»

አማቱ ከሥራቸው ጎትተው አወጡት። አንዱ መስታወት ረግፏል፣ ክፈፉ ተጠማዟል። ሊያቀኑት ሞከሩ፣ አልቀና አለ።

«መነጽር መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ በየትኛውም ደንብ ስህተት ነው» አሉ በመጨረሻ። ደብተራቸውን ግን አላወጡም።

ሰዓት ሠሪው ያለ መነጽር ከአፍንጫው የራቀ ነገር አይለይም። ኪሱ ውስጥ ያገኘው ሰዓት ሲፈታ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ ብቻ ነው። ተስፋ አይቆረጥም ብሎ እሷኑ ሰካ። የፊት መስታወቱ ላይ ያረፈችውን አንዲት የበረዶ ቅንጣት ከነስድስት ጥርሶቿ አየ፤ መንገዱን አላየም።

«እማማ፣ እርስዎ ይንዱ እንጂ።»

አማቱ የቦርሳቸውን መዝጊያ ከፍተው ዘጉ።

«መንጃ ፈቃድዎ አልታደሰም?»

«አንድም ቀን ሳይታደስ ቀርቶ አያውቅም።»

«ታዲያስ?»

አማቱ ጓንታቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ መሪ ከያዝኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ጆሮውን ተጠራጠረ።

«ሥራ ቦታ ተፈታኙ ነው የሚነዳው። ቤት ደግሞ አባታችሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪ ለሰው አይሰጥም ነበር። ከሱ በኋላም ንጂ ያለኝ ሰው የለም።»

«ይኸው እኔ እያልኩዎት ነው።»

ወንበር ተቀያየሩ። አማቱ መስታወቶቹን ሲያስተካክሉ ሩብ ሰዓት ሄደ። ሞተሩ አራት ጊዜ ጠፋባቸው። በአምስተኛው መኪናው እንደ ፍየል ዘለል አለና ተነሣ። ሰው የሚባል በሌለበት ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ ፍሬቻ እያበሩ በሃያ አምስት ነጎዱ።

«ፍሬቻው ለማን ነው፣ እማማ?»

«ለሚመለከተው ሁሉ።»

ብዙም ሳይቆዩ ከኋላቸው ሁለት የጭነት መኪናዎች፣ አንድ አውቶቡስና አንድ በረዶ ጠራጊ መኪና ተሰለፉ። መንገድ ሊከፍት የወጣው ጠራጊ ሌላው የረገጠውን መልሶ ይጠርግ ጀመር። አማቱ ግማሹ በበረዶ የተቀበረ የቁም ምልክት ጋ ቀጥ ብለው ቆሙና ጮክ ብለው እስከ ሦስት ይቆጥሩ ጀመር። ሦስት ሳይሉ የጠራጊው ሾፌር ወርዶ መስኮታቸውን አንኳኳ።

«እናቴ፣ ቀድሜ ልጥረግልዎት?» አለና ዓይኑን አጥብቦ ወደሚያየው ሰዓት ሠሪ ጎንበስ አለ። «እሱ ጠጥቷል እንዴ?»

«የልጄ ባል ነው። አይታየውም።»

«አይዞት» አለ ሾፌሩ። ለማን እንዳለው አልታወቀም።

ጠራጊው ከቀደመ በኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ አማቱም ተከፈቱ። አርባ፣ ከዚያ ሃምሳ። በአፍንጫቸው ዜማ ነገር ያሰሙ ጀመር። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጎማው ከዳ፤ መኪናው አንድ ሙሉ ዙር ዞረና አፍንጫውን ወደ መጣበት ሳይሆን ወደሚሄድበት አድርጎ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ሁለት እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ፍሬን እየያዝኩ።»

አማቱ ሳቁ። በአሥራ አንድ ዓመት አማችነት ሲስቁ ሰምቷቸው አያውቅም ነበር። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ሞተሩን አስነሡ።

ሊመሽ ሲል ከታናሿ ልጃቸው በር ደረሱ። ያለው ክፍት ቦታ በሁለት መኪናዎች መሃል ነው። ሰዓት ሠሪው ወርዶ ከኋላ ቆመና እጁን እያወናጨፈ «ይምጡ፣ ይምጡ፣ በቃ!» ይል ጀመር።

«ምን ያህል ቀረኝ?»

«እኔ እንጃ፣ አይታየኝም እኮ!»

በዘጠነኛው ሙከራ አንደኛው ጎማ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ ቀረ። አማቱ ሞተሩን አጠፉ፣ ጣቶቻቸው ግን መሪውን አልለቅ አሉ። ሰዓት ሠሪው አንድ በአንድ፣ እንደ ሰዓት ብሎን፣ ቀስ አድርጎ ፈታላቸው።

ቤት ውስጥ አራሷ አልጋ ላይ ሆና እናቷን ሳመች። «በዚህ በረዶ! ማን ነዳ?»

«እኔ» አሉ።

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። ባሏም ሳቀ። «እማዬ ደግሞ ቀልድ ጀመረች!» አለች ልጅቷ።

ሰዓት ሠሪው ተቆጣ። ከመሃል ወለል ቆሞ «እውነቴን ነው፣ ከነዳጅ ማደያው ጀምሮ እሳቸው ናቸው! ከፈለግህ ልማልልህ!» ብሎ ለባልየው ማለለት። የማለው ግን ለኮት መስቀያው ነበር። ሳቁ ባሰ።

አማቱ አልተከራከሩም። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሕፃኑን አቅፈው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሌሎቹ ራት ሲያቀርቡ፣ ገና አምስት ቀን የሞላው ልጅ ጆሮ ጋ ጠጋ ብለው ያንን ቁልቁለት ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግሩት ያዙ። በነፃው እጃቸው መሪውን እንዴት እንዳዞሩት ያሳዩታል። ልጁም ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጣቸው።